አሸዋ መስሎኝ ነበር

ከተናገርሻቸው ነገሮች አንዱን መልሰሽ ዋጪ ብባል ይቺን እመርጣለሁ፦ «አይስጉ አባቴ፣ ዶልፊኖቹ የእርስዎን ዓሣ አይነኩም።» ያልኩት ለአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። በሙሉ ልብ ነው ያልኩት። ፈገግ ብዬ ጭምር። ዓመታት አልፈዋል፤ አንዳንድ ሌሊት ግን ዛሬም ይቺው ነገር ከእንቅልፌ ትቀሰቅሰኛለች።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ሞተው ወደ ዳርቻ የሚወጡ ዶልፊኖች በሕይወት ሳሉ ምን ይበሉ እንደነበር ማጥናት ነው። ሲያወሩት ያምራል። ሲሠሩት ግን ሆድ መክፈት፣ ማጠብ፣ ማጣራትና መቁጠር ነው። ሽታው ከልብስ ይለቃል፣ ከፀጉር አይለቅም። ሁለቴ ታጥቤ አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ ቦታ ይቀይር ነበር።

ሽማግሌው የመጡት አንዲት ትልቅ ሴት ዶልፊን ከዳርቻው ስናነሳ ነው። ጨጓራዋን ከላይና ከታች በሲባጎ አስረን ስናወጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው አዩን። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምን በልታ ተገኘች?»

«ገና አልከፈትነውም።»

«ስትከፍቱት ንገሪኝ። መረቤን ባዶ የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። ማታ ማታ ዓሣው መጮህ ሲጀምር ጠብቀው ይመጣሉ።»

ስለ መረባቸው ያሉትን ጻፍኩ። ዓሣ ይጮኻል ያሉትን ግን አልጻፍኩም። ዓሣ ደግሞ መቼ ጮኾ ያውቃል ብዬ።

ሆድ ያስቀረው

ዶልፊን አያኝክም። ጥርሱ መያዣ እንጂ መፍጫ አይደለም። ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ያስገባና እንዳለ ይውጠዋል። ስለዚህ ጨጓራው ሲከፈት ሙሉ ዓሣ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ አለ፤ እኔም ጠብቄ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ግራጫ ሾርባ ነው። ሥጋው ቀልጧል፣ አጥንቱ ተበታትኗል። ከዚያ ሾርባ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙን በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የዓሣ የጆሮ ድንጋይ ነው። ባለሙያዎቹ ኦቶሊት ይሉታል። አጥንታም ዓሣ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ በሚሰማበትና ሚዛኑን በሚጠብቅበት ቦታ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ነጫጭ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች አሉት። ቅርጻቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አንዱ የጥፍር ቁራጭ ይመስላል፤ ሌላው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ድንጋዩን ለክተህ የዓሣውን ርዝመት ትገምታለህ። ውስጡ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ስላለው ዕድሜም ይቆጠርበታል። የግራና የቀኝ መሆኑ ደግሞ ለቆጠራ ይመቻል፦ ከአንድ ዝርያ የግራው 10፣ የቀኙ 7 ከተገኘ ቢያንስ 10 ዓሣ ተበልቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የስኩዊድ መንቁር ነው። ስኩዊድ ብዙ ክንድ ያለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው፤ አጥንት የለውም። አፉ ላይ ግን የበቀቀን መንቁር የመሰለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነገር አለው። የተሠራው የጥንዚዛ ቅርፊት ከሚሠራበት ጠንካራ ነገር፣ ከካይቲን፣ ስለሆነ የጨጓራ አሲድ በቀላሉ አይበግረውም።

የዚያች ዶልፊን ጨጓራ በመንቁር የተሞላ ነበር። ከመቶ በላይ ቆጠርኩ። የጆሮ ድንጋይ ግን ያገኘሁት ጥቂት ነው። ከወንፊቱ ሥር የቀረውን ደቃቅ አሸዋ በብልቃጥ አድርጌ መደርደሪያው ጥግ ላይ ተውኩት። ዳርቻ ላይ ሲያጣጥር የነበረ እንስሳ አሸዋ ቢውጥ ምን ይገርማል? ደብተሬ ላይ «በዋናነት ስኩዊድ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት። እንዲያውም ከጎኑ «ሳይጣፍጣት አይቀርም» ብዬ ቀልጄ ነበር። ኋላ ሳነብ የዶልፊኖች የጣፋጭና የመራራ ጣዕም መለያ ጂኖች የተበላሹ ሆነው ተገኙ። ቀልዱም አልሠራም።

በሳምንቱ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ያቺን ነገር የተናገርኩት ያኔ ነው።

«ስኩዊድ?» አሉኝ።

«ስኩዊድ» አልኳቸው።

መረባቸውን መጠገን ቀጠሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አሸዋው የት አለ?»

አማካሪዬ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ሪፖርቴን አንብበው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሸዋው የት አለ?»

«የቱ አሸዋ?»

«ከወንፊቱ ሥር ደቃቅ አሸዋ ቀርቷል ብለሽ ጽፈሻል። የት አለ?»

አልጣልኩትም ነበር። ተጠንቅቄ ሳይሆን የቆሻሻ ቅርጫቱ ሞልቶ ስለነበር ነው። ብልቃጡን አመጣሁ። ቆንጠር አድርገው የመስታወት ሳህን ላይ በተኑትና ማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡት። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወንበሩን ለቀቁልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት አሸዋ ነው። እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ ጠርዙ ስለት ያለው። አሁንም አሸዋ። የቀንድ አውጣ ዛጎል ስባሪ። አሸዋ። ዓይኔ ሲለምድ ግን ከመሃል የማይመሳሰሉ ነገሮች ብቅ አሉ። ድቡልቡል ናቸው፣ እንደ ወተት የነጡ፣ ብርሃን የማያሳልፉ። አንዱን በወረንጦ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ጠባብ ቦይ አለ። ያቺን ቦይ አውቃታለሁ። ለወራት በሥዕል ሳጠናት የከረምኩት የጆሮ ድንጋይ ምልክት ናት። ሌላውን ገለበጥኩ። እሱም አለው። ሌላውንም። አሲድ የላሳቸው፣ ጠርዛቸው የሟሟ፣ ከመጠናቸው ትንሽ ብቻ የቀራቸው የጆሮ ድንጋዮች ናቸው። በዚያች ቁንጥር ውስጥ ብቻ በርካታ ነበሩ። ብልቃጡ ደግሞ ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

«መንቁር ጨጓራ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?» አሉ አማካሪዬ ከኋላዬ።

«ቀናት። ከዚያም በላይ።»

«የትንሽ ዓሣ የጆሮ ድንጋይስ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌበታለሁ። ትንሽ ድንጋይ በሰዓታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል። ይህን እያወቅኩ የብዙ ቀን ስኩዊድና የአንድ ማታ ዓሣ ጎን ለጎን ቆጥሬ ስኩዊዱ በለጠ ብዬ ፈርጃለሁ። ልናወጣው የማንፈልገው ነገር ሲኖር «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። እኔ የምመረምረው ሆድ የፈጀውን ፈጅቶ፣ መፍጀት ያቃተውን ብቻ ነበር የሰጠኝ። እኔም የተሰጠኝን ሁሉም ነው ብዬ ተቀበልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የለቀምኩት በወረንጦ ነው፣ አንድ በአንድ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። አንድ ነገር ብቻ ተሳክቶልኛል፣ እሱም ከስንፍና የመጣ ነው። አሸዋውን ደረቁን ስለተውኩት ድንጋዮቹ ተርፈዋል። እንደ ደንበኛ ናሙና ቆጥሬው ፎርማሊን በሚባለው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ብጨምረው ኖሮ ፎርማሊኑ ውሎ ሲያድር አሲድ ይሆንና ጨጓራው ያስተረፈውን ጭምር ያሟሟው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ ለመደብኝ። ካነሱት ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ድንጋዩ ከሟሟ ርዝመቱን ለክቼ የማገኘው ዓሣ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ትንሿ ድንጋይ የገባችው ዶልፊኗ የዋጠችው ትልቅ ዓሣ ሆድ ውስጥ ሆና ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ማን በላት እንበል? እንዳለ ይውጣል ያልኩትም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ዶልፊኖች ካትፊሽ ሲይዙ እሾሁ ያለበትን የፊት ክፍል ቆርጠው ይጥሉና የኋላውን ብቻ ይበላሉ። ጭንቅላቱ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ይገኛል። የጆሮ ድንጋዩ ያለው ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ያ ዓሣ ተበልቶም በእኛ መዝገብ አልተበላም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ዳርቻ ላይ የወጣች ዶልፊን ብዙ ጊዜ በሽተኛ ናት። ምናልባት ለቀናት ማደን አቅቷት ያገኘችውን ስትለቃቅም ከርማ ይሆናል። የታማሚን ትሪ አይቶ የቤተሰቡን ሁሉ ቀለብ መናገር ይቻላል? እኔ ተናግሬያለሁ። «ዶልፊኖቹ» ብዬ፣ በብዙ ቁጥር። ያየሁት ግን የአንዲቷን ሆድ ነው።

የሚጮኸው ዓሣ

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ድንጋዮቹን ለይቼ ሳልጨርስ ሌላ ነገር ወጣ። ከአሸዋው ውስጥ ዝርያቸው ሊለይ ከቻለው ብዙዎቹ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ክሮከር የሚባሉት። የሽማግሌው መረብ ውስጥ የሚገባውም ይኸው ዓሣ ነው። ስለ ክሮከር ለማንበብ ቁጭ አልኩ፤ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። እነዚህ ዓሣዎች ይጮኻሉ። የአየር ከረጢታቸውን በልዩ ጡንቻ እያርገበገቡ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ያወጣሉ። በተለይ በመራቢያቸው ወቅት ሲመሽ አብረው ያንኳኳሉ።

«ማታ ማታ ዓሣው መጮህ ሲጀምር።» ያልጻፍኩት ይህንኑ ነው።

የሚቀጥለውን ያነበብኩት ፊቴ እየጋለ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። የዚያ ወሽመጥ ዶልፊኖች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሲጠኑ ኖረዋል፤ በዱር ዶልፊኖች ላይ እንደዚህ ረጅም ጊዜ የዘለቀ ጥናት የለም። ተመራማሪው ራንዳል ዌልስ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የገቡበት ሥራ ነው። ኔልዮ ባሮስ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ የሞቱትን ዶልፊኖች ጨጓራ ሲመረምሩ አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠማቸው፦ የሚበሉት ዓሣዎች ብዙዎቹ ድምፅ የሚያወጡ ናቸው። ከዓመታት በኋላ ሌሎች በዚያው ወሽመጥ በመረብ ዓሣ ቆጥረው ከጨጓራው ጋር አስተያዩት። በመረቡ ውስጥ ድምፅ አውጪዎቹ ጥቂት ናቸው። በጨጓራው ውስጥ ግን ግማሽ ያህሉን ይዘዋል።

ዶልፊን ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ሰምቶ ማደኑ ነው። እውነት ነው፣ ያደርገዋል። ግን ሁልጊዜ ድምፅ መላክ ምን አስፈለገው? ዝም ብሎ ቢያዳምጥስ? የዓሣ ድምፅ ቀድተው ውሃ ውስጥ ሲያሰሟቸው ዶልፊኖቹ ወደ ድምፁ ዞረዋል። ዓሣዎቹም የዋዛ አይደሉም። ቶድፊሽ የሚባለው ዓሣ ዶልፊን ሲያድን የሚያወጣውን ድምፅ ሲሰማ ጥሪውን ይቀንሳል፤ ደሙ ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞንም ይጨምራል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ከዓሣ በላይ የተረዳው ያለ አልመሰለኝም።

እኔ ግን የማስበው ስለ ሽማግሌው ነበር። ሰውየው መላ ምቱን በነጻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተውኛል። እኔ ተረት መስሎኝ አለፍኩት።

ሕያዎቹን መጠየቅ

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ቀየርኩ ማለት ይቻላል። ሆድ መክፈት አልተውኩም፤ ግን በሕይወት ያሉትንም መጠየቅ ጀመርኩ። ከዶልፊን ቆዳ ቅንጣት የምታህል ናሙና ይወሰዳል። የሚለካው አይሶቶፕ ነው፣ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ ዓይነት፦ ከባዱ ናይትሮጅን ከበዪ ወደ በዪ ከፍ ባለ ቁጥር ከ1,000 በ3 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ እንስሳው በመብል መሰላሉ ላይ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ይታወቃል። ካርቦኑ ደግሞ ምግቡ ከባሕር ሣር አካባቢ ይሁን ከገላጣው ውሃ የመጣ ይጠቁማል። ጨጓራ የሚናገረው የመጨረሻዎቹን ምግቦች ነው፤ ቆዳ ግን ሳምንታትንና ወራትን ያስታውሳል። ይህም ቢሆን ጉድለት አለበት። አድራሻውን ይነግርሃል፣ ስሙን አይነግርህም። በዓይነ ምድር ውስጥ ያለ ዲኤንኤ ስም ይናገራል፤ ግን የዶልፊን ዓይነ ምድር ውሃ ላይ እንደ ጭስ በኖ ይጠፋል። ጀልባ ላይ ሆኖ እሱን ማሳደድ ምን እንደሚመስል ለጓደኞቼ ማስረዳት አቁሜያለሁ።

የዚያችን ዶልፊን አንድ ጥርስም ሰንጥቀን አይተናል። የዶልፊን ጥርስ ውስጡ ዓመት በዓመት በንብርብር ያድጋል፤ የልጅነቱ ንብርብር እስከ መጨረሻው እዚያው ይኖራል። ጡት የሚጠባ ዶልፊን ናይትሮጅኑ ከፍ ይላል። እናቱን እየበላ ነውና ከእናቱ በላይ ያለ አዳኝ ይመስላል። የእሷም የልጅነት ንብርብር እንዲያ ነበር። ቀጥሎ ይወርዳል፦ ጡት የተወችበት ጊዜ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ያ ሁሉ ድንጋይ ያላስለቀሰኝን እኔን ያቺ መስመር አስለቀሰችኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

ሌላው ያናወጠኝ ምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኘው የሻርክ ቤይ ነገር ነው። እዚያ አንዳንድ ዶልፊኖች ከባሕር ወለል ስፖንጅ የሚባለውን ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነቅለው አፍንጫቸው ላይ ያጠልቃሉ። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ስፖንጁ ሸካራውን ወለል ሲቆፍሩ እንዳይቆስሉ ይከላከልላቸዋል። እዚያ የሚያድኑት ዓሣ ደግሞ የአየር ከረጢት የለውም። ከዓሣ ገላ ድምፅን አጉልቶ የሚመልሰው በዋናነት ያ ከረጢት ስለሆነ፣ እሱ ከሌለው ዓሣው በገደል ማሚቶ በደንብ አይታይም። ቆፍሮ ማስበርገግ ያስፈልጋል። ጥበቡ ከእናት ወደ ልጅ፣ ይልቁንም ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። ስፖንጅ የማትጠቀም ዶልፊን በዚያው ወሽመጥ እየዋኘች ሌላ ነገር ትበላለች።

ታዲያ «ዶልፊን ምን ይበላል?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የቷ ዶልፊን? ማን ያሳደጋት? በየትኛው ወቅት? ልጅ የምታጠባ ናት ወይስ ብቻዋን? እኔ ግን ለእኚያ ሰውዬ በአንድ ቃል መልሼ፣ ፈገግ ብዬ ሄድኩ።

ብልቃጡን ይዤ

ሽማግሌውን ለማግኘት የሄድኩት ከወራት በኋላ ነው። መንገድ ላይ ንግግር ስለማመድ ነበር። ሳገኛቸው ጠፋኝ።

«አባቴ፣ ያኔ ተሳስቼ ነበር። የእርስዎንም ዓሣ በልታለች።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ስንት እንደበላች ግን ማወቅ አልቻልኩም። የቀሩት ዶልፊኖች ምን እንደሚበሉም ገና ነው።»

ሳቁ። «ይህን ያህል ጊዜ ፈጅተሽ?»

ብልቃጡን አውጥቼ ሁለት ድንጋይ መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። ምን እንደሆኑ ስነግራቸው አላመኑኝም። ከቅርጫቱ አንድ ክሮከር አንስተው ሰጡኝ፤ ጭንቅላቱን ሰንጥቄ ጥንዱን አወጣሁ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ያክላሉ። ከእኔዎቹ የተላሱ ፍርፋሪዎች ጎን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው ድንጋዩን አይተውት አያውቁም።

«ስለ ጩኸቱ ያሉኝን ያኔ አልጻፍኩትም ነበር» አልኳቸው።

«ዛሬ ማታ ነይና ጻፊው።»

ሲመሽ ወጣን። ሞተሩን አጥፍተው መረቡን ጣሉ። ከዚያ የጀልባዋን ወለል በእጃቸው ጠረጉልኝና «ጆሮሽን እዚህ አድርጊ» አሉ። ተንበርክኬ ጆሮዬን እርጥብ እንጨት ላይ አሳረፍኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ቀጥሎ ከታች፣ ከሩቅ፣ አንድ የሚያንኳኳ መጣ። ሌላ መለሰለት። ጥቂት ቆይቶ እንጨቱ ራሱ የሚንቀጠቀጥ እስኪመስለኝ ድረስ ከየአቅጣጫው ተንኳኳ። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየሁ አላስታውስም። ጉልበቴ ደንዝዟል።

ድንገት ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ።

ቀና ስል ሽማግሌው ቆመዋል። መረባቸውን መሳብ ጀምረዋል።

«መጡ» አሉኝ።